አጎቴ ያላንኳኩት ብረት

አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ብረት ሲቀቡ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጋሼ እያልኩ አደግሁ፤ ሙያውንም ከእሳቸው ተማርኩ። ብሩሽ ከመንከራቸው በፊት ብረቱን በካቻቢቴ እጀታ አንኳኩተው ጆሮ ይሰጡት ነበር። ዝገት የበላው ብረት ድምፁ ይታፈናል። "ቀለም ይሸፍናል እንጂ አይሸከምም" ይሉኝ ነበር። ሳላንኳኳ የቀባሁትን በሙሉ ያስፍቁኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለውን የቤታቸውን በረንዳ መደገፊያ እኔ ቀባሁላቸው። ከበረንዳው ሥር ገደል ነው። ጠያቂ ይመጣል ብዬ ስለቸኮልኩ፣ ዝገቱን ሳልፍቅ፣ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት እንኳ ሳላስቀድም አረንጓዴውን ቀለም ለደፍኩበት።

"አንኳኳኸው?" አሉኝ ከአልጋቸው።

"አዎ ጋሼ" አልኳቸው።

ከቀብራቸው መልስ ለቀስተኛው በረንዳውን ሞላው። አራት ሽማግሌዎች መደገፊያውን ተደግፈው ያወራሉ። አንደኛው ብረቱን እየዳበሱ "የእሳቸው ሥራ እኮ ያስታውቃል!" አሉ።

"አትደገፉት! ተነሡ!" ብዬ ጮህኩ።

ሐዘኑ ነው ብለው ግራና ቀኝ ይዘው አስቀመጡኝ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ መጥቶ ተደገፈው። ሁሉም ተነሥቶ እስኪሄድ ድረስ ዓይኔን ከዚያ ብረት አልነቀልኩም።

በማግስቱ በረንዳውን በገመድ ዘጋሁት። የጋሼን ካቻቢቴ ይዤ ቀረብኩ። በመስኮቱ በኩል ባዶ አልጋቸው ይታየኛል።

አሁን አንኳኳሁት፣ ጋሼ። ይታፈናል።