ኮርቻው አራት ጣት ከፍ ሲል

አትክልት ብስክሌት የለመደችው በአርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰፈሯ ሮቫ ዛይን ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ፣ ልጇ ሬቪታል ከኋላ እየደገፈቻት፣ የሰፈሩ ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እየሳቁባት ተማረች። «እናንተ ሳቁ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለቻቸው። እውነትም ሄደች። ይኸው ስምንት ዓመት፣ አድ ሃሎም በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ያለው ሥራዋ ላይ ጧት ጧት የምትደርሰው አውቶቡስ ሳትጠብቅ ነው።

ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ከዳት። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር የቀኝ ጉልበቷ ሎሚ ሥር ይወጋታል። ደረጃ ስትወጣም ብረቱን ካልያዘች አትችልም። ቁፓት ሖሊም ከሚሉት ክሊኒክ ሄዳ ታየች። ሐኪሙ እግሯን አጥፎ ዘረጋና ራጁን አይቶ፣ «ክፉ ነገር የለውም። ግን ሃምሳ ስድስት ዓመትሽ ነው፤ ብስክሌቱን ተዪው» አላት።

«ክፉ ነገር ከሌለው ለምን እተወዋለሁ?»

ሐኪሙ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ቤት ስትደርስ ሬቪታልም ያንኑ ደገመችው። «እማ፣ በቃሽ። እንሽጠው።»

«እኔን ሽጪኝ!» አለች አትክልት። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ብስክሌቷን እየገፋች ውቤ ዘንድ ሄደች።

ውቤ ከመጋዘኖቹ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግን ጎልማሳ ነው። ችግሯን ሰምቶ መጀመሪያ ያሳያት በባትሪ የሚሄደውን ነበር።

«ሞተር አልጠየቅሁህም። የእኔን እየው።»

ውቤ ሣቀና የኋላ ጎማው ባለበት እንዲሽከረከር አድርጎ ብስክሌቷን ማቆሚያ ላይ አሰረው። «እስቲ ይውጡና ይንዱ፣ እትዬ» ብሎ ከጎኗ ተንበረከከ። ብዙም አልቆየ።

«ይኼን ኮርቻ ማነው እንዲህ ያወረደው?»

«እኔ ነኛ። ስለምድ እግሬ መሬት እንዲነካ ብዬ።»

«ስምንት ዓመት ቁጢጥ ብለው ነዋ የነዱት! ጉልበትዎ ሳይዘረጋ ሸክሙን ሁሉ እሱ ቻለ።»

ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ ጥቂት ብቻ እስኪታጠፍ ድረስ ኮርቻውን እየለካ አነሣው። አራት ጣት ያህል ከፍ አለ።

አስፋልቱ ላይ ስትወጣበት ግን መሬቱ ራቃት። «ልቆም ስል እወድቃለሁ!»

«ፍሬኑን ይዘው ከኮርቻው ወደ ፊት ይውረዱ፤ ከዚያ እግርዎን ይትከሉ።»

ሁለቴ ዞረች። በሦስተኛው ወደቀች፤ ክርኗ ተላጠ። ውቤ ሊያነሣት ሲሮጥ «ተወኝ!» ብላ ብድግ አለች፤ እንደገና ወጣች። በስድስተኛው ቀጥ ብላ ቆመች።

ሕመሙ ባንድ ቀን አልለቀቃትም። በመጀመሪያው ሳምንት ጭራሽ ጭኗ ዛለ፤ ኮርቻውን መልሳ ልታወርድ የብሎን መፍቻ አንሥታ ነበር፣ እልህ ያዛትና ተወችው። በሦስተኛው ሳምንት ውጋቱ ጠፋ፤ ደረጃ ላይ ብቻ ትንሽ ይሰማታል።

ዓርብ ዕለት ሬቪታል ደወለች። «እማ፣ የት ነሽ?»

«ባሕሩ ዳር።»

«ማን ወሰደሽ?»

«ማን ይወስደኛል? መጣሁ እንጂ» አለችና ስልኩን ዘግታ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፋች ፔዳሏን መርገጥ ቀጠለች።