የኢተፋ ቀይ ችካሎች

የወንድሜ ልጅ ኢተፋ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሥራውን እሱ እንደነገረኝ ነው የምናገረው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በየት ወርዶ የማንን ቤት እንደሚነካ አስቀድሞ ያሰላል። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲይዝ ዘመድ ሁሉ ባንክ ግባ አለው፣ አልሰማም። ለዶክትሬቱ የፉሪን ተዳፋት ያዘ፤ እኛ ሰበታ ያለነው ጎርፉን ከዚያ ነውና የምንቀበለው።

በ2008 ክረምት ተዳፋቱ ላይ ችካል ተከለ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ሊያይበት። ክረምቱ እስኪወጣ ካልቆዩለት ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ታዲያ ቀይ ቀባቸው! አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም ማንም አላመነም፤ ቀይ ችካል ያየ ገበሬ መሬቴ ተለካ ነው የሚለው።

“ቀለሙን ቀይር” አልኩት።

“አዳዳ፣ ቀይ እኮ ከሩቅ ይታያል” አለኝ፤ የአባት እህት በእኛ አዳዳ ነው የምትባለው።

“እሱን ነው የምልህ!”

አንድ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ጂጂ እየሮጠች መጣች። “አዴ ጠጅቱ! ኢተፋን ፉሪ ላይ ይዘውታል!”

እናቴ በሰርጌ ቀን የሰጠችኝን ሲንቄ ከግድግዳው አነሳሁ። ያገባች ሴት ያንን በትር ይዛ መሀል ከገባች፣ በእኛ ወግ ዱላ አይነሳም። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ወጣቶቹ ዱላ ይዘው ከበውታል፤ ፊት ለፊቱ የማሳው ባለቤት ዳዲ ቆሟል።

“ለማን ነው የምትለካው?”

“ለጎርፉ!”

“ደሞዝህንም እሱ ይከፍልህ ይሆን?”

ሳቁ፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። ሲንቄውን ከፍ አድርጌ መሀላቸው ገባሁ። ዱላው ሁሉ ወረደ። ዳዲ ባርኔጣውን አወለቀ።

“አዴ፣ የእርስዎ ነው?”

“የወንድሜ ልጅ ነው፤ የመንግሥት ለኪ አይደለም።”

“እንግዲያው ይውሰዱት። ችካሉ ግን ይነቀላል።”

“አዳዳ፣ ችካሉን ይለምኑልኝ!” አለ ኢተፋ። ለመንኩ። ዳዲ በእምቢታ አንገቱን ነቀነቀ። ሲንቄ ሰው ያስጥላል እንጂ እንጨት አያስጥልም። ዓይናችን እያየ ነቅለው አቃጠሉት።

ተወው ብዬ ነበር። እሱ ግን ደመና በጠቆረ ቁጥር ይወጣል። ችካሉ በነበረበት ቦታ፣ በችካሉ ፋንታ እሱ ራሱ ጎርፉ ውስጥ ይቆማል። እኔ በር ላይ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ጭቃ ለብሶ ሲመጣ ሙቅ ውሃ ይዤ እጠጋዋለሁ።

“አዳዳ፣ እግሬን እንዳያጥቡብኝ! ጭቃው የት ድረስ እንደወጣ ገና አልለካሁም!”

ዶክትሬቱን የጨረሰው እንዲህ ነው።