ሬዲዮ ዝም ያለችበት ቀን

መምህርቷ ኮምፒዩተር ማስተማር ከመጀመሯ በፊት አሥር ዓመት የስፌት መኪና ጠግናለች። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ያልተፈተነ ነገር አምና የማትቀበለው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቪዲዮ ጨዋታ መፍጠር የምታስተምራቸው ልጆች ኮምፒዩተር የሚነኩት፣ ሐሳባቸውን በካርቶንና በጠርሙስ ክዳን ሠርተው፣ ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሰው ከተጫወተው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሠሪው አጠገቡ ቆሞ ትንፍሽ አይልም። ሐሳብ ለሰው ማቅረብንም የምታስተምረው በዚሁ ነው፤ አትለፍልፉ፣ አጫውቱ።

«ጨዋታሽን ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው አንቺንም አብሮ አልገዛሽም» ትላለች።

ይህ ሕግ ያንገበገባት አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ወሬዋ ስለማያልቅ ሬዲዮ ይሏታል። ጨዋታዋ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት መስኮት እየዞረ ማህተም የሚለምንበት ነው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሰውዬ ሲጫወቱት ግን አላስችል ብሏት «አይ አባባ፣ በዚያ በኩል!» እያለች ራሷ አሸነፈችላቸው። መምህርቷ ሦስት ቅዳሜ አስደገመቻት።

በዚህ መሀል የሚማሩበት ክፍል ጣጣ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን የአሮጌ ወንበር ማከማቻ ሊያደርጉት አስበዋል። መምህርቷ እንዲተዉላት ማመልከቻ ካስገባች ሦስት ወር ሆኗታል፤ በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው «ነገ ብቅ በይ» ነው። ክፍሉ ከእጇ ከወጣ ትምህርቱም አከተመለት። በመጨረሻ የልጆቹን ሥራ እንዲያዩ ለመነቻቸውና መጡ። እሷ ግን አልተርበተበተችም፤ ልጆቿን ታውቃለች።

ሬዲዮ ካርቶኑን ፊታቸው ዘረጋች። «ጋሼ፣ ይጫወቱ» አለችና አፏን ዘጋች።

መስኮት አንድ ወደ መስኮት አራት ላካቸው። መስኮት አራት፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለ። ካርድ ሲያነሱ «ነገ ይመለሱ»፤ ሌላ ሲያነሱ አሁንም «ነገ ይመለሱ»። መነጽራቸውን አወለቁ። ሬዲዮ ከንፈሯን ነክሳ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ምን በደለና ነው እንዲህ የሚያንከራትቱት? ሰው አይደለም እንዴ?» ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

መምህርቷ ልቧ በኩራት ሞላ፤ በቃል ብትለምናቸው ኖሮ እንዲህ አይቆጡላትም ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«እሺ እንግዲህ፣ የክፍሉን ጉዳይ ነገ...»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሰውዬው መጀመሪያ ተኮሳተሩ፤ ከዚያ ካርቶኑን አዩ፣ መምህርቷን አዩ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«ጸሐፊዋን ጥሩልኝ» አሉ። «ማህተሙን ይዛ ትምጣ። አሁኑኑ።»