ሙስተፋ የሠራው ፊት

ሙስተፋ ቡታጅራ ውስጥ ሶፋ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። አርጅቶ ሊጣል የደረሰ ሶፋ ይዘውለት ሲመጡ አሮጌውን ጨርቅ ገፍፎ፣ ስፖንጁን ቀይሮ ሙሽራ አድርጎ ይመልሰዋል። የሰውን ሳሎን እንዲህ ሲያሳምር የራሱ ቤት ግን ከጨለመ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ሚስቱ ከድጄ ወጥ ስታሞቅ ቡታጋዝ ፈነዳባት። ነፍሷ ተረፈች፤ የግራ ፊቷ ግን ተጨማዶ ቀረ። የዓይኗ ቆብ ወደ ታች ተጎተተ፣ የከንፈሯ ጥግ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ። ገበያ ወጥታ ከግማሹ ሰው ጋር ሳትሳሳቅ የማትመለሰው ሴት፣ አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን አይቷት እሪ ብሎ ከሮጠ ወዲያ፣ ደጅ መውጣት እርሟ ሆነ። ቤት ውስጥ እንኳ እንግዳ ይምጣ አይምጣ ኒቃቧን አታወልቅም። የምታወልቀው ለሙስተፋ ብቻ ነው።

መስታወቱን ከግድግዳ አውርዶ ከቤት ያወጣው እሱ ነው። ማታ ማታ ለጋ ቅቤ በጣቱ እየጠነቆለ ጠባሳዋን ያሽላታል። “ምንም አይታይብሽም እኮ፣ ከድዬ። ለእኔ ያው ነሽ” ይላታል። እሷም “አንተ ካልክ” ትለዋለች። ውሸቱን አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ እንደማይዋሽ ያምን ነበር።

ታዲያ በዚህ መሀል መምህር ይድነቃቸው መጣ። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የአማርኛ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ቴአትር ያሠራል።

“አንድ ጭራቅ ያስፈልገኛል። ጭንቅላቱን ብቻ ሥራልኝ።”

“መምህር፣ እኔ የማውቀው የሰው መቀመጫ ነው እንጂ ጭንቅላት መች ነካሁ?” ብሎ ሳቀ ሙስተፋ። ሥራው ግን ደስ አለው። ሽቦ አጠፈ፣ ስፖንጅ አለበሰው፣ የእንሰት ቃጫ ፀጉር አደረገለት፣ ከቢጫ ጀሪካን ጥርስ ቆረጠለት፣ የበሬ ቀንድ ተከለበት። ልምምድ ላይ ሲያወጡት ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ማርቲ የምትባለው ተጫዋች አንገቱን አቅፋ ፎቶ ተነሣች።

“ይሄስ ለማዳ ነው” አለ መምህሩ ራሱን እየነቀነቀ። “አንተን ራስህን ምንድን ነው የሚያስፈራህ፣ ሙስተፋ? እሱን ሥራልኝ።”

ሙስተፋ እልህ ያዘው። ሱቁ ገብቶ ቀንዱንም ጥርሱንም ነቃቀለ። ማስቲሹን ለማድረቅ ያጋለው ማንኪያ ስፖንጁን ሲነካው ስፖንጁ ተኮማተረ፣ ተጨማደደ። ደግሞ ነካው። ከዚያ በኋላ እጁ ብቻውን ሄደ። የት ጋ መጎተት፣ የት ጋ መሰብሰብ እንዳለበት አንዴም አላመነታም። ምን እየሠራህ ነው ቢሉት “ጭራቅ” ነበር የሚለው። ሁለተኛው ልምምድ ላይ የሳቀ አልነበረም። ማርቲም አጠገቡ አልቆምም አለች።

ይሄን ሲያይ ኩራት ተሰማው። እስከ ቀኑ አላሳይሽም እያለ፣ መጥታ እንድታይለት ከድጄን መለመን ጀመረ። “አዳራሹ ጨለማ ነው። ማንም ማንንም አያይም። የእጄን ሥራ አንቺ ካላየሽው ማን ሊያይልኝ ነው?” ስትግደረደር ከርማ በመጨረሻ “ለአንተ ስል” አለች። እጇን ሂና ተቀባች። ባጃጁ ውስጥ አንገቷን እያሰገገች “ያ ዋርካ ተቆረጠ እንዴ?” ስትል፣ ሙስተፋ እንባው መጣ። ሚስቴ ተመለሰችልኝ ብሎ አሰበ።

መድረኩ ላይ ጭራቁ ብቅ ሲል ልጆች ጮኹ። ራሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር መብራቱ ከጎን ወደቀበት፤ ማታ ማታ የከድጄ ፊት ላይ እንደሚወድቀው ማለት ነው። ሙስተፋ ያን ጊዜ አየው። ቆቡ፣ ከንፈሩ፣ ከጆሮ ሥር የሚወርደው ጭምድድ ሁሉ የከድጄ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ሙስተፋ ጠላ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው፣ የእሱን እጁ አወጣበት።

ከኋላቸው አንዲት ሴት “ውይ ፊቱ! አላህ አያሳየን!” አለች። የሚሉሽን ብትሰሚ ገበያ ባልወጣሽ የሚባለው ለካ ለዚህ ነው፤ ከድጄ በወጣችበት ቀን ሰማች። ሙስተፋ ወደ ከድጄ ዞር ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ሲያበቃ መምህሩ ማይክ ይዞ “ይሄን ፊት የሠራው ሙስተፋ ነው! የታለህ?” አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሙስተፋ ወንበሩን ይዞ ቀረ። ጎኑን በክርኗ ነካ ያደረገችው ከድጄ ናት።

“ተነሥ እንጂ። ሰው እየጠበቀህ ነው።”

ተነሣ።

በባጃጅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ገብተው ሲቀመጡ እንደ ልማዱ የቅቤውን ስኒ አመጣ።

“ከድዬ፣ በአላህ... አላወቅኩም። ወላሂ አላወቅኩም።”

“አለማወቅህንማ አየሁ” አለች በዝግታ። “ብታውቅ ኖሮ ለዚያ ፊት ታዝንለት ነበር።”

ስኒውን ከእጁ ተቀበለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ኒቃቧን ከሥር ገለጥ አድርጋ፣ በራሷ ጣት ቀባች። ሙስተፋ መሀል ቤት ቆሞ ጀርባዋን ያይ ነበር።

ጭራቁ ወልቂጤም ሄዶ ታየ፣ ተወደደ። ከድጄ ከዚያ ማታ ወዲህ ቅቤውን ራሷ ትቀባለች። ኒቃቧንም ለሙስተፋ አታወልቅም።