ዘይት የጠጣው ፍሪሲዮን

ዘንድሮ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የታላቅ ወንድሜ ወገብ እምቢ አለ። ባጃጅ ነጂ ነው። ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን ይሰለፋል፤ ቀድቶ ሲወጣ ደግሞ የአዳማ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ቀኑን ሙሉ ሲነቀንቀው ይውላል። ቤት ሲገባ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ይተኛና እግሩን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። እራት የሚቀርብለት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ «ይህን ሥራ ተው» ብሎታል።

«ትቼ ምን ልብላ አልኩት» አለን ሲመለስ። «ፈገግ አለና ማስታገሻ ጻፈልኝ።»

መውጫ ሆና የታየችው አንዲት መጫወቻ ፒካፕ ነበረች። መጫወቻ ይሏታል እንጂ ቁመቷ የቡትስ ጫማ ካርቶን ያህላል፣ ጎማዋ ወፍራም ነው፣ በሪሞት ትነዳለች፣ በባትሪ ፈንታ የሚጮህና የሚያጨስ ሞተር አላት። ነዳጇ ቤንዚን አይደለም፤ ናይትሮ የሚባል በጠርሙስ የሚመጣ ነዳጅ ነው። የወንድሜ ደንበኛ የነበረ፣ አበባ እርሻ ላይ የሚሠራ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ከነዳጇና ከአንድ ትንሽ የመለዋወጫ ከረጢት ጋር ሰጠው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የመዝናኛ ግቢ ያላቸው አንዲት ሴትዮ ይህን ሰምተው፣ «እሁድ አምጣና አሳየኝ፤ ልጆቹ ከወደዷት ቅዳሜና እሁድ ቦታው ያንተ ነው፤ እያስከፈልክ ታስነዳቸዋለህ» አሉት። ወንድሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አላወራም። ቅዳሜና እሁድ ከተያዘለት ባጃጁን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ሳምንቱን ማረፍ ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ጆንያ አነጠፈና ጠራኝ።

«ኢንጂነሯ! ነይ ካቻቢቴውን ያዢ።»

ገና ዲፓርትመንት እንኳ አልደረሰኝም። ቢሆንም እንዲህ ሲለኝ ደስ ስለሚለኝ ሄድኩ።

ፍሪሲዮኗን ፈታን። እንደ መኪና ፔዳል የለውም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ሸራ የሚባሉትን ሁለት ትንንሽ ማነቂያዎች ቀጫጭን ሞላዎች ወደ ውስጥ ስበው ይይዟቸዋል። ጋዝ ሲሰጠው ሸራዎቹ ከፍጥነቱ የተነሳ ወደ ውጭ ይከፈቱና በዙሪያቸው ያለውን ደወል የሚመስል ብረት ያንቁታል፤ ያኔ ጎማው ይዞራል። ነገሩ ሁሉ በዚያ መተናነቅ ላይ የቆመ ነው።

ወንድሜ ሸራውን በጣቱ ዳበሰ። «ደረቅ እኮ ነው!»

«መድረቅ የለበትም?»

«በደረቁማ ይቃጠላል። ባጃጄን አታያትም?»

የባጃጅ ፍሪሲዮን ሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ዘይት ያጎደለ ሹፌር ሸራ አቃጥሎ ጋራዥ እንደሚሰነብት አዳማ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ቪዲዮ ልይ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም።

«አቦ ተይው! ፍሪሲዮን ፍሪሲዮን ነው» አለና እንደ ዓይን መድኃኒት እየተጠነቀቀ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት። ከዚያ ገጥመን፣ ወልውለን፣ በፎጣ ጠቀለልናት።

እሁድ በሚኒባስ ወደ ቢሾፍቱ ተጓዝን። መኪናዋን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሄደው፤ ለወገቡ መደገፊያ ያመጣነውን ትራስም ከሥሯ አነጠፈላት። ግቢው ውስጥ ልጆች ከበው ጠበቁን። ሞተሩ ተነሳ። ወንድሜ ጋዝ ሰጣት። ጮኸች፤ አልተንቀሳቀሰችም። ጨመረላት፤ ባሰባት።

«ትጮሃለች እንጂ አትሄድም!» አለ አንዱ።

«እንደ ሒሳብ ቲቸራችን!» አለች ሌላዋ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፣ ወንድሜም ሳቀ። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን።

የግቢው ባለቤት መጡ። «ምነው ልጄ፣ አመማት እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ ትንሽ ትሙቅ ብለን ነው።»

ዛፍ ሥር ወስደን ፈታናት። ሸራው በዘይት ያብረቀርቃል፣ ጣት ያንሸራትታል። እዚያ ኔትወርክ ነበረና ቪዲዮውን ከፈትኩ። አንድ ሰውዬ ይህንኑ ዓይነት ፍሪሲዮን በወረቀት ይወለውላል።

«ምን አለ?»

«ደረቅ ይሁን አለ።»

«ደረቅ?»

«ደረቅ። ደወሉ ውስጥ ላለው ኩሽኔታ ብቻ አንድ ጠብታ።»

ወንድሜ የዛፉን ግንድ ተደግፎ ተነሳ። ከግቢው ጄኔሬተር ትንሽ ቤንዚን ለምነን ሸራውንም ደወሉንም አጠብን፣ አደረቅን፣ ገጠምን።

ሄደች! ሣሩን ዞረች፣ አቧራ አስነሳች፣ ልጆቹ እየጮሁ ተከተሏት። ሴትዮዋ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ወንድሜም ሪሞቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደዚያ ቆሞ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ሦስተኛውን ዙር ስትጨርስ ጋዙን ቀነሰላት። መቆም ሲገባት እየተንፏቀቀች ሄዳ ሞተሯ ጠፋ። አስነሳት፤ መልሶ ጠፋ። ፈታናት። ቅድም ሸራው በዘይቱ ሲንሸራተት ግሎ ኖሮ ከሞላዎቹ አንዱ ተሰብሯል፤ ሸራው ተመልሶ አይሰበሰብም።

ከረጢቱን ዘረገፍነው። ካንዴላ አለ፣ የነዳጅ ቱቦ አለ፣ የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ አለ፣ ጎማም አለ። ሞላ የለም። የእስክሪብቶዬን ሞላ ቆርጠን ሞከርን፤ ተፈናጥሮ ሣር ውስጥ ገባ። የሚፈልገው ሰው እንኳ አልነበረም።

ልጆቹ ቀስ በቀስ በር ላይ ወደ ቆመ አንድ የፈረስ ጋሪ ሄዱ። ነጂው ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ነበርና ሴትዮዋ ጠርተው አስገቡት።

«አትዘን ልጄ» አሉት ወንድሜን። «ግን ልጆች አስቀምጦ ማስጠበቅ አይሆንልኝም። እቃዋ ሲሟላልህ ትመጣለህ። እስከዚያ ቦታውን ባለ ጋሪው ይያዘው።»

«እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

በሚኒባስ ተመለስን። እንዲህ ያለች መኪና ለሚጀምር ሰው አሁን የምነግረው ነገር አለኝ፦ ካንዴላና ማጣሪያ ያዝ፣ ጎማው ይደርሳል፣ ከሁሉ በፊት ግን ሞላና ሸራ ይኑርህ፤ ሸራውን እየፈታህ እይ፣ ዘይት አታስነካው። ያኔ ግን የሚነግረን አልነበረም፣ እኛም ከባጃጅ ሌላ የምናውቀው አልነበረንም።

ሞላው አዳማ የለም፤ መርካቶም አስጠየቅን፣ የለም። ዱባይ የምትመላለስ ጎረቤታችን «ስሄድ እፈልግላችኋለሁ» ብላለች፤ መቼ እንደምትሄድ ግን አልነገረችንም።

ያን እሁድ ማታ ቤት እንደገባን ሸራዎቹን እንደገና በሳሙና አጥቤ ጨርቅ ላይ አሰጣሁ። ወንድሜ ምንጣፉ ላይ እንደተኛ ጠየቀኝ።

«ደረቁ?»

«ደርቀዋል።»

«ጥሩ። አስቀምጫቸው» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «ነገ በጠዋት ቀስቅሺኝ፣ የቤንዚን ሰልፍ አለብኝ።»