«በእንቅልፋቸው ነው የያዛቸው»

ሊባኖስ፣ ባዕብዳ ውስጥ የማስታምማቸውን ሽማግሌ ስትሮክ የመታቸው እሑድ ምሳ ላይ፣ ልጃቸው ፊት ነው። ሹካው ከእጃቸው ወደቀ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ሊናገሩ ሲሞክሩ ምላሳቸው ተሳሰረ። ልጃቸው ቀና ብሎ አያቸውና ሳቀ።

«አረቄው ከብዷቸው ነው፤ አስተኚያቸው» አለኝ። ፍራፍሬውን በልቶ፣ ሽቶውን ተቀባብቶ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደ።

ደወልኩለት። «ኸላስ፣ ይተኙ አልኩሽ እኮ!» አለኝ። ደግሜ ብደውል ስልኩን ዘጋብኝ። በመጨረሻ ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን አወረድናቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ግን የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት አልፏል ተባልን። ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆኖ፣ ቃል ማውጣት ተስኗቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ልጅየው ያን ሰሞን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለዘመድ ሁሉ በስልክ ያለቅስ ነበር። ማልቀስ ይችልበታል።

ከወራት በኋላ ስለ ስትሮክ ሕክምና ጥናት የምትሠራ ወጣት ሐኪም፣ በሽተኞቹ ምን ላይ እንደደረሱ ልታይ ቤት ድረስ መጣች። ልጅየው ያን ቀን ከሚኖርበት ከአሽራፊዬ ተነስቶ ቀድሟት ደረሰ። የአባቱን ፀጉር በራሱ እጅ አበጠረ። ከታመሙ ወዲህ ሲነካቸው ያየሁት ገና ያኔ ነው።

«ሕመሙ የጀመራቸው መቼ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«በእንቅልፋቸው ነው የያዛቸው። ማንም አላየም። ያኒ፣ ማለቴ፣ ብናይማ በረን እንወስዳቸው ነበር።»

ሽማግሌው መናገር አቃታቸው እንጂ መስማት አላቃታቸውም። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ተተክሎ ቀረ። የያዝኩትን የውሃ ትሪ አስቀመጥኩና በዐረብኛ፣ «ላ፣ ዶክቶራ፤ ምሳ ላይ ነው። እሱም አብሮ ይበላ ነበር» አልኳት።

«አይስሟት፣ ዐረብኛ አይገባትም» አለ። በዚያው ዐረብኛ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያዘኝ የኖረው እሱ ነው።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ስለ ሹካው፣ ስለ አፋቸው መጣመም፣ ስለ ስልኩ ነገርኳት። ስጨርስ ሽማግሌው በደህናው እጃቸው ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«እውነቷን ነው?» አለቻቸው።

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ልጅየው ፊቱ ቀላ። ያፈረ መስሎኝ ነበር።

«ጥናቱ ላይ የቤተሰቡ ስም ይወጣል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። አባቱ ይሻላቸው እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ሐኪሟ ስትሄድ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ፣ «ላባርርሽ እችላለሁ» አለኝ።

«ያላ፣ አባርረኝ። ዛሬ ዳይፐራቸውን አንተ ትቀይራለህ» አልኩት።

የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። እኔ እስካሁን እዚያው ነኝ። እሱ በበዓል ብቅ ይላል፤ አባቱን ትከሻቸውን አቅፎ ፎቶ ይነሳና ምሳ ሳይቀርብ ይሄዳል። ሽማግሌው ፎቶ ሲነሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።