የአዴር ሳማታር ጋሪ

ሲስተር ወለተሐና ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ጅጅጋ ስትገባ ከተማዋ ከዳር እስከ ዳር በጋሪ የምትዳረስ ነበረች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቤቷ በአንዱ ጫፍ፣ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ በሌላው። ሰባት ዓመት ሙሉ ባለጋሪው ሳማታር ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ቆመው ጠብቀዋታል። ጎረቤቶቿ «አዴር» ሲሏቸው ሰማች፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው፤ እሷም እንደዚያው ጠራቻቸው። ምጥ ለያዛት ሴት «አይዞሽ» ማለትን በሶማልኛ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ እዚያው ጋሪው ላይ።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ሐርጌሳ በጦርነት ስትታመስ ሕዝቡ ድንበር አቋርጦ መጣ። ከሰዉ ጋር መኪናውም መጣ። አሮጌ ቶዮታዎች ታክሲ ሆነው ሰው እየጠቀጠቁ ይመላለሱ ጀመር። ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሰላምታ ሲያዳርስ የኖረው ሁሉ ቸኳይ ሆነ።

ወለተሐናም ወላድ በዛባት። አንድ ምሽት አዴር ሳማታር ቤት ሄደች።

«አዴር፣ አይቀየሙኝ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት አይጠብቁኝ፤ በታክሲ ልሂድ፤ እየረፈደብኝ ተቸግሬያለሁ።»

«ሂጂ ልጄ፣ የሚጠብቁሽ ብዙ ናቸው» አሉ፣ የባዝራቸውን አንገት እያሻሹ። «እኔ ግን እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ እግሬን አላስገባም።»

ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ታክሲ ጥሩምባውን እያንባረቀ ጤና ጣቢያው ግቢ ገባ። መጀመሪያ የወረዱት አዴር ሳማታር ናቸው። ከኋላቸው ልጃቸውን ሆዶን ምጥ አጣድፏታል።

«በጋሪ አትደርስልኝም ብዬ ነው» አሉ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

«ደግ አደረጉ።»

እትብቱ በሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ወለተሐና ላቧ እስኪንጠፈጠፍ ታገለች፤ ሕፃኗ ቆይታ፣ ቆይታ አለቀሰች።

«በጋሪ ብንመጣ ኖሮስ?» ሲሉ ጠየቁ አዛውንቱ።

«ደርሳችኋል። እሱን ይተዉት» አለቻቸው፣ እጃቸውን ይዛ።

በማግስቱ ሆዶ ወደ ቤት ስትሸኝ ታክሲ አልገባም አለች፤ መንገጫገጩ ገና ከወገቧ አልወጣም። ባዝራዋ መጣች፤ ጋሪው ላይ ድርቆሽ ተነጠፈ፣ በላዩ ብርድ ልብስ። ተረኝነቷን የጨረሰችው ወለተሐና ከአዴር ሳማታር ጎን ተቀመጠች። ከኋላ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። እሳቸው ለእያንዳንዱ ዳር ይዘው ያሳልፋሉ።

ከዚያ ወዲህ አዴር ሳማታር ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ አልጠፉም። አራሶቹ ታክሲውን እያዩ እሳቸውን ይጠራሉ። ወለተሐና ጠዋት በታክሲ ትገባለች፤ ማታ ከአንዷ አራስ ጋር፣ ጨቅላውን አቅፋ፣ በጋሪ ትመለሳለች።